«26» ብዬ አዘዝኩ፣ «26» ላኩልኝ

ታናሽ ወንድሜ አምስት ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት በእግሩ የተመላለሰው በእኔ ጥፋት ነው። እሱ እንዲህ አይልም፤ እናቴም አፍ አውጥታ አልተናገረችኝም። ግን «አለ እህት» የሚል መልስ ሲመጣልኝ ደስ ብሎኝ፣ ምንም ሳልለካ ብሩን በቴሌብር የላክኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሮቢት በሚወስደው በኩል ነው። ራያን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከሥሩ ደግሞ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ የማሽላና የጤፍ ሜዳ። ዳገት የሚባል ነገር የለም። ለሳይክል የተፈጠረ አገር ነው። ጠላቱ ሁለት ብቻ ነው፤ የቀትር ፀሐይና የግራር እሾህ።

ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። በጦርነቱ ጊዜ ትምህርቱ ከአንዴም ሁለቴ የተቋረጠበት ልጅ ስለሆነ በዚህ ዓመት ቀልድ የለም። ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል የገዛንለትም ለዚሁ ነበር። በሳይክል 20 ደቂቃ የሚፈጅበት መንገድ በእግር ከአንድ ሰዓት ያልፋል። የኋላ ጎማው ጎኑ ተሰንጥቆ ካላማዳሪው ወደ ውጭ ማበጥ ሲጀምር፣ የፊቱም ጥርሱ አልቆ ስለነበር «ሁለቱንም አንድ ላይ እንቀይር» አልኩ።

ቆቦ ውስጥ ያሉትን ሱቆች ዞርኩ። የባጃጅ ጎማ ሞልቷል። የልጆች ሳይክል ጎማም አለ። የእኛ ግን የለም። ወልድያ ያለች ጓደኛዬ ጠይቃልኝ «ለጊዜው አልቋል» አሉኝ አለች። ቀጥሎ ያደረግኩትን እናንተም ታደርጉት ነበር፤ ቴሌግራም ከፈትኩ።

ያገኘሁት ቻናል ብዙ ሺህ ተከታይ አለው። ፎቶው ያምራል፣ አድራሻው አዲስ አበባ ይላል። «26 ጎማ አለ?» ብዬ ጻፍኩ። «አለ እህት፣ ኦርጅናል» አለኝ። ሁለቱ 2,600 ብር፣ የመላኪያ 250 ብር። «ዛሬ ካልከፈልሽ ግን ነገ ዋጋው ይጨምራል» ሲለኝ አልተጠራጠርኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀው በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ያየ ሰው «ነገ ይጨምራል» ሲሉት ያምናል። ከፈልኩ። ስክሪንሹት ላክኩ። «ደርሷል፣ እናመሰግናለን» ተባለ።

ከአዲስ አበባ ቆቦ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ፣ መሀል ላይ መንገድ ተዘግቶ፣ በዘጠነኛው ቀን መናኸሪያ ደረሰ። ረዳቱ በማዳበሪያ የተጠቀለለውን ጎማ ሲያቀብለኝ ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር። በቀጥታ ወደ ጠጋኙ ጋር ሄድን።

ሁለቱም 26

ሳይክል የሚጠግኑት ጋሼ ከእኔ ዕድሜ በላይ በዚህ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎማውን አገላብጠው አዩትና ገና ቸርኬው ላይ ሳይሞክሩት መልሰው ሰጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ አይገባም።»

«ጋሼ፣ 26 እኮ ነው። ተመልከቱት፣ ተጽፎበታል።»

«እሱም 26 ነው፣ የናንተም 26 ነው። ግን አንድ አይደሉም። ነይ፣ ታችኛዋን ጽሑፍ አንብቢ።»

አነበብኩ። አዲሱ ጎማ ጎን ላይ በትንንሽ ቁጥር «37-590» ይላል። በአሮጌው ጎማ ላይ አቧራውን በምራቃቸው ጠርገው አሳዩኝ፤ «50-559» ይላል።

ምስጢሩ ይህ ነው። «26» የሚለው ስም የመጣው ጎማው ተነፍቶ ሲለካ ከሚኖረው ግምታዊ የውጭ ስፋት ነው፤ በኢንች። ወፍራም ጎማም ቀጭን ጎማም ተነፍቶ 26 ኢንች አካባቢ ሊመጣ ይችላል። ቸርኬው ግን የሚያውቀው የጎማውን የውስጥ ስፋት ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ ከሰረዙ በፊት ያለው ቁጥር የጎማው ውፍረት፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ደግሞ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ስፋት ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። የእኛ ማውንቴን 559 ነው። የተላከልኝ 26 በ1 3/8 የሚባለው፣ በድሮ የከተማ ሳይክሎች ላይ የሚገኘው 590 ነው። ልዩነቱ 31 ሚሊ ሜትር፣ ማለት ሦስት ጣት የማይሞላ። ግን በጉልበት የሚገባ ነገር አይደለም።

«28» የሚባለውም እንደዚሁ ነው። የድሮው ትልቁ ሳይክል 635 ነው፤ ሌላው 28 ደግሞ 622። እና ይህ 622 «700» በሚባሉት የመንገድ ሳይክሎች ላይም፣ «29» በሚባሉት ማውንቴኖች ላይም አለ። ስሙ ሦስት፣ ልኩ አንድ። በስም የሚገዛ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው።

ማን ነው ጥፋተኛው?

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር፦ «26 አልሽኝ፣ 26 ላክኩልሽ።» እውነቱን ነው። ንዴቴ ሲበርድ የገባኝ እሱ ነው። እኔም አልዋሸሁም፣ እሱም አልዋሸም። መጀመሪያ «መልሰሽ ከላክሽ እቀይርልሻለሁ፣ የመላኪያውን አንቺ ቻይ» አለኝ። ሒሳቡን ሠራሁት፤ ለመመለሻ 250፣ ለሌላው መምጫ 250፣ መንገዱ ከተከፈተ ሌላ ሁለት ሳምንት። «የመላኪያውን እኩል እንካፈል» ብዬ ስጽፍለት አንብቦ ዝም አለ። እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስንማር ስለ ጆርጅ አከርሎፍ ሰምተናል። እ.ኤ.አ. በ1970 ስላገለገሉ መኪኖች በጻፈው ጽሑፍ፣ ሻጭ ስለ ዕቃው ገዢ የማያውቀውን ካወቀ ገዢ በፍርሃት ዋጋ ይቀንሳል፣ ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ ከገበያ ይወጣል፣ ገበያው ለብልሹው ይቀራል ይላል። በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ያሸለመው ሐሳብ ነው። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፤ ጥሩ ማርክም አግኝቼበታለሁ። መናኸሪያ ቆሜ ግን አልጠቀመኝም።

ምክንያቱም የእኛ ችግር ትንሽ ይለያል። እኔ ስለ ጎማ አላውቅም። ሻጩም፣ በኋላ እንደገባኝ፣ ብዙ አያውቅም። ዕቃው የራሱ አልነበረም። ከሌላ ሱቅ ፎቶ አንስቶ ቻናሉ ላይ ይለጥፋል፤ ገዢ ሲመጣለት ሄዶ ያወጣል፣ ትንሽ ያተርፋል። በሥራው አልፈርድበትም። ግን በዚህ ግዢ ውስጥ 559 እና 590 የሚለውን የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ቆቦ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠው ካላማዳሪ የሚለጥፉት ጋሼ። የሚያውቀው ሰው ቻቱ ውስጥ አልነበረም። ያወቅነው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

ኪሳራው የሚያርፈው መጨረሻ ላይ ባለው ሰው ነው

መርካቶ ያለ ሰው የተሳሳተ ጎማ ቢገዛ በማግስቱ ሄዶ ይጨቃጨቃል፤ ታክሲ ይከፍላል እንጂ አይከስርም። ቆቦ፣ ዋጃ ወይም ጎብዬ ያለ ሰው ግን ዕቃውን መመለስ ተጨማሪ ወጪ ያመጣበታል። ሻጩም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ የመጠንቀቅ ግዴታ አይሰማውም።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር አልፎበታል። አሜሪካ ውስጥ አሮን ሞንጎመሪ ዋርድ የሚባል የቺካጎ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1872 ለገጠር ገበሬዎች በፖስታ ትእዛዝ መሸጥ ሲጀምር በእጁ የነበረው የአንድ ገጽ የዋጋ ዝርዝር ነበር። በ1875 ያልረካ ገዢ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ቃል ገባ። ገበሬው ያላየውን ዕቃ እንዲገዛ የደፈረው በዚህ ነው። የስህተቱን ወጪ ሻጩ ራሱ ላይ ሲጭን፣ ስህተት እንዳይፈጠር የሚጠነቀቀውም ሻጩ ይሆናል። እኛ ፖስታ ቤት ካገኘን ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቆጥር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ ግን የለመድነው ፖስታ ወደ ሳጥን ቁጥር የሚመጣ ደብዳቤ እንጂ ወደ ገጠር ቤት የሚመጣ ዕቃ አይደለም። አሁን በአንዴ ቴሌግራምና ቴሌብር ላይ ወጣን። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ላይ ነው። ብሩ በሰከንድ ይሄዳል፤ መመለሻው መንገድ ግን አልተሠራም።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ብራችሁ እንዲመለስላችሁ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የደረሰኝ ማኅተም ይህን መብት አያጠፋውም። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መልእክትን ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል፤ ቻታችሁ ማስረጃ ነው ማለት ነው። ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ 15 ቀኑ ዕቃው መንገድ ላይ ሲቆም ያልቃል። ሁለተኛ፣ የእኔ ጎማ ጉድለት አልነበረበትም። ጎደሎዋ ጥያቄዬ ነበረች። «26 በ1.95፣ 559» ብዬ ጽፌ 590 ቢልክልኝ ኖሮ የምከራከርበት ነገር ይኖረኝ ነበር።

ከማዘዛችሁ በፊት

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ስም ሳይሆን ቁጥር ላኩ። የአሮጌውን ጎማ ጎን ጠርጋችሁ ሁለቱንም ጽሑፍ ፎቶ አንሱ፤ «ይሄ ቁጥር ያለበትን አዲሱን ጎማ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» በሉ። ዕቃው በእጁ የሌለ ሰው እዚህ ላይ ይታወቃል።

ካላማዳሪ ስታዙ የመንፊያውን አፍ ተመልከቱ። እንደ መኪና ወፍራም የሆነው ለቀጭኑ በተበሳ የቸርኬ ቀዳዳ አይገባም። ካቴናም ሁለት ዓይነት ነው፤ ማርሽ የሌለው ሳይክል ሰፊውን፣ ባለ ማርሹ ጠባቡን ይፈልጋል። ፔዳል ግራና ቀኝ አለው፤ የግራው የሚጠብቀው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ሲሰበር የቱ እንደሆነ ጻፉ።

«ካልገጠመ የመመለሻውን ማን ይችላል?» ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቻቱን አታጥፉ። ደረሰኝ፣ የሱቅ ቁጥርና በቀጥታ የሚደወልበት ስልክ ያዙ። በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየ ሰው ገንዘቡን በአንድ ቻናል ላይ ብቻ አያንጠለጥልም።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ጠጋኙን ቻቱ ውስጥ አስገቡት። የእኛ ነገር የተፈታው እንዲህ ነው። ጋሼ «አብሽሪ፣ ይሄ ጎማ ባለቤት አያጣም» ብለው የድሮ ሳይክል ላላቸው አንድ ሰውዬ ሁለቱን በ1,800 ብር አሸጡልኝ። የእኔ ኪሳራ 1,050 ብር ሆነ፤ የወንድሜን እግር ሳልቆጥር። ከዚያ ጎማና ካቴና የሚፈልጉ ሌሎች ሦስት ደንበኞቻቸውን ሰበሰቡ። ልኩን እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ በስልኬ ጻፍኩ፣ ከሌላ ሱቅ በአንድ ጭነት አዘዝን። የመላኪያው ለአራት ተካፈለ። ለጋሼም እያንዳንዳችን 100 ብር ሰጠን። አልቀበልም ብለው ነበር፤ «ጋሼ፣ ይሄ የዕውቀት ዋጋ ነው» ብዬ አስገደድኳቸው። 1,050 ብር ከከሰርኩበት ትምህርት 100 ብሩ በጣም ይረክሳል።

ሁሉም ዕቃ ገጠመ። ወንድሜ በማግስቱ ጠዋት ደወል ሳይደወል ደረሰ።

አሁን ጋሼ አንድ ደብተር አላቸው። በደንበኛው ስም ፊት ለፊት የጎማው ልክ ይጻፋል፣ ጎማ ሲያልቅ ማንም አይገምትም። የወንድሜ ስም ፊት 559 ተጽፏል።

የእናንተስ ስንት ነው? ስልኩን አስቀምጡና ሄዳችሁ ጎማችሁን አንብቡ።