ቃሏን ማን ያምናል?

አንድ የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ለሴቶች ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ የተፈቀዱትን ምክንያቶች መቁጠር አይበቃም። ምክንያቱ መኖሩን የሚመሰክረው ማነው? የሚፈርመውስ? አብዛኛው ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ዛምቢያን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ሕጓ ሐኪሞች የነፍሰ ጡሯን ዕድሜና የምትኖርበትን ሁኔታ ጭምር እንዲያመዛዝኑ ይፈቅዳል፤ ለዘመኑ እጅግ ሰፊ ነበር። ይሁንና ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሦስት ሐኪሞች ይፈርሙ ይላል፤ ከሦስቱም አንዱ ስፔሻሊስት መሆን አለበት። አንድ ሐኪም እንኳ በማይገኝበት ገጠር ለምትኖር ሴት ይህ ከክልከላ በምን ይለያል? ፖላንድም በመደፈር የመጣ እርግዝና እንዲቋረጥ ብትፈቅድም ዐቃቤ ሕግ እንዲያረጋግጥ ትጠይቃለች። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጓን ስታላላ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ አስፈላጊ ነው ብላ ነበር። እርግዝና የችሎት ቀጠሮ አይጠብቅምና በ2018 ይህን ግዴታ አነሳች።

ኢትዮጵያ የሄደችበት መንገድ የተለየ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው በእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ላይ ከባድና ዘላቂ አደጋ ሲደቀን ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ከወንጀልነት አላወጣውም። በአንቀጽ 551 ግን የማያስቀጡትን ሁኔታዎች አሰፋ፦ መደፈር፣ የሥጋ ዘመድ ግንኙነት፣ በእናት ሕይወትና ጤና ላይ የሚደርስ አደጋ፣ የማይድን ከባድ የፅንስ ጉድለት፣ እንዲሁም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ሴት።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ ያለው ግን ቀጥሎ በሚመጣው አንቀጽ 552 ነው። ሴቲቱ ያረገዘችው ተደፍራ መሆኑን ከተናገረች ቃሏ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መመሪያ ደግሞ ይህን ወደ ጤና ጣቢያ ክፍል አወረደው። አዋላጅ ነርሷ የፖሊስ ወረቀት አትጠይቅም፤ የደፋሪውን ስም አታስመዘግብም። ልጅቷ ዕድሜዬ 17 ነው ካለች ካርዱ ላይ 17 ተብሎ ይጻፋል፤ መታወቂያ አምጪ አትባልም። የተነገራት ነገር ኋላ ላይ ትክክል ሆኖ ባይገኝ ባለሙያዋ አትከሰስም። አገልግሎቱም በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ታዟል። የደፈራት ሰው አጎቷ ወይም አሠሪዋ ለሆነ ልጅ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ ማለት እና ሳይሄዱ መታመን ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው።

ውጤቱም ታይቷል። በጉትማከር ኢንስቲትዩት ጥናቶች ግምት እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ሆን ተብሎ ከተቋረጡት እርግዝናዎች በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተከናወኑት 27 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2014 ወደ 53 በመቶ ከፍ ብለዋል። ግማሽ ያህሉ ታዲያ አሁንም ከተቋም ውጭ ነበር። ብዙ ሴቶች ሕጉ መኖሩንም አያውቁም፤ ነውርን የሚፈሩ፣ በባለሙያ ፊት መገሰጽን የሚሰጉም አሉ።

ሕጉ ራሱ የተዋቸውም ጥቂት አይደሉም። ዕድሜዋ ለደረሰ፣ ጤነኛ ለሆነች፣ ነገር ግን ያሏትን ልጆች ማብላት ላቃታት እናት በአንቀጽ 551 ውስጥ ቦታ የለም። ድህነቷ የሚነሳው በአንቀጽ 550 ነው፤ እሱም የሚለው በከፋ ድህነት ምክንያት ከተደረገ ቅጣቱ ይቅለል ነው። ስለ ደረሰባት ጥቃት ቃሏ ሲታመን፣ ስለ ገዛ ኑሮዋ የምትናገረው ግን ወንጀለኛ ከተባለች በኋላ ለዳኛ የሚቀርብ የቅጣት ማቅለያ ይሆናል። ይህን ቃሏን መስማት ያለባት ግን፣ ገና ከጅምሩ፣ በጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ናት።