የነሐሴ ደቦ፤ አረሙን በጊዜ ጨርሶ በዓሉን በደስታ ለመዋል



ክረምት የገበሬ ቤተሰብ በአንድነት የሚውልበት ወራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጆች ከቤት ናቸው። ጎረቤት ለደቦ ይጠራራል። ነሐሴ 1 ቀን የፍልሰታ ጾም ይገባል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው፤ ችቦ ይበራል፥ ጅራፍ ይጮኻል፥ ወንዶች ልጆች በየደጁ እየዘፈኑ ሙልሙል ዳቦ ይቀበላሉ። ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የልጃገረዶች ተራ ይሆናል። በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ፥ በቆቦ ሶለል ይሉታል። ልጃገረዶች ረጅሙን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው እስከ ነሐሴ 21 ቀን ድረስ ይጫወታሉ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በሐምሌ ጤፍ የዘራ ሰው የሚያርመውም በዚሁ በነሐሴ ነው። በዓሉና አረሙ በአንድ ወር ይገናኛሉ። አስቀድሞ ያልተመካከረ መንደር ከሁለቱ አንዱን ያጣል፤ ወይ ጤፉ በአረም ይዋጣል፥ ወይ ልጅቱ እኩዮቿ ሲጫወቱ እሷ ከማሳ ትውላለች። ሁለቱንም ማድረስ እንዴት እንደሚቻል ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

አረም ቀጠሮ አይጠብቅም

ጤፍ በቡቃያነቱ ቀጭንና ደካማ ነው። ሙጃ፥ እንግጫና መጭ ግን ቶሎ ያድጋሉ። ብርሃኑን ይጋርዱበታል፥ በብዙ ገንዘብ የተገዛውንም ማዳበሪያ ይሻሙታል። ስለዚህ የመጀመሪያው አረም ጤፉ ከበቀለ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መታረም አለበት። በሐምሌ መጀመሪያ የተዘራው በነሐሴ መጀመሪያ፥ በሐምሌ አጋማሽ የተዘራው በነሐሴ አጋማሽ ይደርሳል ማለት ነው።

የዘገየ አረም ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፥ የአረሙ ሥር ስለሚጠና ሲነቀል ጤፉን ይዞት ይወጣል። ሁለተኛ፥ ጤፉ ከፍ ካለ በኋላ የአራሚው እግር ይረግጠዋል። ሦስተኛ፥ አረሙ ዘሩን ካራገፈ የሚመጣው ዓመት ድካም እጥፍ ይሆናል።

«መድኃኒት እረጫለሁ፤ ደቦ ለምኔ?» የሚል አይጠፋም። ቱፎርዲ የሚባለው ፀረ አረም የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ነው። ጤፍ ራሱ የሣር ወገን በመሆኑ ይተርፋል፤ እንደ ሙጃ ያለውም ሣር አብሮ ይተርፋል። እንግዲህ መድኃኒት የረጨም ቢሆን የሰው እጅ ያስፈልገዋል።

ቀኑን አስቀድሞ መቁጠር

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ድረስ ያሉት ቀኖች ብዙ ይመስላሉ። ቅዳሜንና እሑድን፥ አቦንና ሚካኤልን፥ ቡሄንም ለሚያከብር ሰው ግን ለአረም የሚቀረው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። በዚያም ላይ ጾመኛው ለቅዳሴ ይሄዳል። ስለዚህ ደቦው በጠዋት ተነሥቶ እስከ እኩለ ቀን ቢሠራና ቢበተን ይሻላል። አጭር ሆኖ የጠነከረ ሥራ፥ ረጅም ሆኖ ከተጓተተው ይበልጣል።

የድግሱ ሸክም

ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለጎረቤቴ የዋልሁትን ነገ ይመልስልኛል። ደቦ ግን ባለ ማሳው ሰው ጠርቶ፥ አብልቶና አጠጥቶ የሚያሠራው ነው፤ ጂጊ የሚሉትም አሉ። ሁለቱም ከአባቶቻችን የወረስናቸው ጠቃሚ ልማዶች ናቸው። ችግሩ ያለው ከድግሱ ላይ ነው።

ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው። አዲሱ እህል ገና አልደረሰም። በዚህ ጊዜ ለጠላ የሚጠመቀው እህል የልጆች ቀለብ ነው። ባለ ጸጋው ጠላውን አብዝቶ ይጠራል፥ ሰውም ይጎርፍለታል። ባሏ የሞተባት ሴት ወይም አቅም ያነሰው ጎረቤት ግን የሚያቀርበው ስለሌለው ለመጥራት ያፍራል። ማሳው መጨረሻ ይታረማል፤ አንዳንዱም ሳይታረም ይቀራል። በመከር ጊዜ ከሁሉ ያነሰ ምርት የሚያስገባው ያው ችግረኛ ይሆናል። በሚመጣው ክረምትም ደቦ መጥራት ይበልጥ ይከብደዋል። ድህነት በዚህ መንገድ ከዓመት ዓመት ይሻገራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መንደሩ ተሰብስቦ የደቦው ምግብ ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት እንዲሆን ይወስን። ቆሎ፥ ንፍሮና እንጀራ በሽሮ ይበቃል። ወቅቱ ጾም ስለ ሆነ ሥጋ የሚጠብቅ የለም። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት አብረው ስለሚውሉ፥ የጾም ወጥ ሁሉንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣል። በጠላ ፈንታ ቀሪቦ ቢቀርብ ለሁሉም ይስማማል። ማንም ከዚህ በላይ እንዳያቀርብ ይከልከል፤ አንዱ ሲያበዛ ሌላው ያፍራልና።

ተራው በዘር ቀን ይሁን

ተራው በዝምድና ወይም በሀብት ሳይሆን ጤፉ በተዘራበት ቀን ይያዝ። ቀድሞ የተዘራው ቀድሞ ይታረማል። በአንድ ቀን የተዘሩ ሁለት ማሳዎች ቢኖሩ ረዳት የሌለው ይቅደም።

ለምሳሌ 10 ቤቶች ተስማሙ እንበል። እያንዳንዱ ቤት 2 ሰው ቢያወጣ በቀን 20 አራሚ ይሆናል። አምና አንድ ጥማድ ማሳ 10 ሰው ፈጅቶ እንደ ነበር ካስታወሳችሁ፥ 20 ሰው በቀን 2 ጥማድ ያርማል። እያንዳንዱ ቤት 2 ጥማድ ጤፍ ካለው የሁሉም ማሳ በ10 የሥራ ቀን ያልቃል። ከነሐሴ 16 በፊት 6ቱን ቀን፥ ከነሐሴ 21 በኋላ 4ቱን ቀን መድቡ። በመካከሉ ያሉት ቀኖች ለልጃገረዶቹ የተተዉ ይሁኑ። አፈሩ ከባድ፥ አረሙም ብዙ ከሆነ ሰው ስለሚጨምር ሒሳቡን በራሳችሁ ማሳ አስሉት።

ልጆችና ቤተሰብ

ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ቢያርሙ ሥራ ይለምዳሉ፤ ጤፍን ከሙጃ መለየትም የሚማሩት በዚሁ ነው። ነገር ግን እነዚህን ጠብቁ፤

1ኛ፤ መድኃኒት ሲረጭ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች ከአካባቢው ይራቁ፤ የመድኃኒቱ ማሸጊያ የሚያዘው ቀን ሳያልፍም ወደ ማሳው አይግቡ። የመድኃኒቱ ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ውኃ አይቀዳበትም።

2ኛ፤ ቅንጨ አረም ቆዳ ያሳክካል። ልጅ በባዶ እጁ አይንቀለው። ትልቅ ሰው እጁን ሸፍኖ አበባ ሳያወጣ ይንቀለው።

3ኛ፤ ልጅ የሚያርመው ጥቂት ሰዓት ይሁን። ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ይመልከት፥ ይጫወትም፤ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ይጠብቀዋልና።

4ኛ፤ ልጆች ለቡሄም ሆነ ለአሸንድዬ ከመንደር መንደር ሲሄዱ የሞላ ወንዝ እንዳይሻገሩ አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይሂድ።

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች

ሥራችሁ በሐምሌ ይጀምራል። ማን መቼ እንደ ዘራ በመዝገብ ጻፉ። ሽማግሌዎችንና የእድር ዳኞችን ሰብስባችሁ ተራው በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አድርጉ። ሴቶች የቤት እመቤቶች በስብሰባው እንዲናገሩ ዕድል ስጧቸው፤ የድግሱን ወጪ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከሁሉ በፊት «ማሳው ሊቀር የሚችል ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የአንድ መንደር ደቦ መልካምነት የሚመዘነው በባለ ጸጋው ማሳ ሳይሆን በመጨረሻው ተረኛ ማሳ ነው።

በአጭሩ፥ ቀኑን ቁጠሩ፤ ድግሱን ቀንሱ፤ ተራውን በዘር ቀን ያዙ፤ ችግረኛውን አትርሱ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አረምም እንዲሁ ነው። በጊዜ ተረዳድተን ካረምን የቡሄ ችቦ ሲበራ ሐሳብ አይኖርብንም፤ የልጃገረዶቹም ጨዋታ በየደጁ ሲሰማ ከማሳ የቀረች የማንም ልጅ አትኖርም።