የተበከለ መድኃኒትና የተበዳዮች መብት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት የነበረው ኒው ኢንግላንድ ኮምፓውንዲንግ ሴንተር የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ ድርጅት፣ ወገባቸውን ለታመሙ ሰዎች በአከርካሪ አጠገብ የሚወጋ በፈንገስ የተበከለ መድኃኒት ወደ 23 ግዛቶች በመላኩ፣ ከ750 የሚበልጡ ሕሙማን በማጅራት ገትርና በመሰል ደዌ ሲያዙ ከእነርሱ ከ60 በላይ የሚሆኑት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዓመቱ ሳይፈጸም ድርጅቱ ከሰረ። «ከከሰረ ድርጅት ካሣ አይገኝም» የሚለው እምነት ግን እዚህ ላይ ፈጽሞ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል፤ በ2015 ፍርድ ቤቱ ባጸደቀው የኪሣራ ስምምነት፣ ከባለቤቶቹ፣ ከመድን ድርጅቶችና ከሌሎችም ተጠያቂዎች ለተበዳዮቹ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ተሰብስቧልና። ይህ ገንዘብ ለጠፋ ነፍስ ተመጣጣኝ ዋጋ ነው የሚል ሕሊና ያለው ሰው ግን አይኖርም። ከስምምነቱም በላይ፣ መድኃኒቱ ከተላከባቸው ግዛቶች አንዷ በሆነችው በቴኔሲ ሕግ አምራቹ መክሰሩ በፍርድ ሲረጋገጥ ሻጩ በእርሱ እግር ተተክቶ ሊከሰስ ስለሚችል፣ መርፌውን የወጉት ክሊኒኮች ጭምር ለፍርድ ተጠርተዋል፤ ኪሣራው ራሱ ሌላ የፍትሕ በር ከፈተ ማለት ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ ተከሳሹ በወንጀል ነጻ ከወጣ የካሣው ነገር አብሮ ያከትማል ይላሉ። የድርጅቱ ኃላፊ በ2017 በፌዴራል ፍርድ ቤት ከነፍስ ግድያ ክስ ነጻ ሲወጣ በማጭበርበር ግን ተፈርዶበታል፤ የካሣው ስምምነት ከዚያ ፍርድ ሁለት ዓመት ቀድሞ የጸደቀ ነበር። የወንጀል ክስ ምክንያታዊ ጥርጣሬን ሁሉ የሚያስወግድ ማስረጃ ሲፈልግ፣ ለፍትሐ ብሔር ግን የከሳሹ ማስረጃ ሚዛን መድፋቱ ይበቃል።

ከሕክምና በፊት የሚፈረመው የፈቃድ ወረቀትም ሕመምተኛው የተነገረውን የታወቀ አደጋ መቀበሉን እንጂ በቸልተኝነት ለተበከለ መድኃኒት ራሱን አሳልፎ መስጠቱን አያመለክትም።

እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ መብት እያላቸው በመዘግየት የሚያጡት ሰዎች ናቸው። በቴኔሲ የአካል ጉዳት ክስ በጠቅላላው በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ዘመኑ የሚቆጠረውም ብዙውን ጊዜ ተጎጂው ጉዳቱንና መንሥኤውን ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ በመድኃኒት ሳቢያ የታመመ ሰው ሳይውል ሳያድር የሕክምና መዝገቡን ግልባጭ ይጠይቅ፤ በውስጡም የመድኃኒቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀንና የምርት መለያ ቁጥሩ መመዝገቡን ይመልከት፤ ጠርሙሱ ወይም ማሸጊያው በእጁ ካለም አይጣለው።