አዲስ ኦቨን ሲገባ፦ ከግድግዳው በስተጀርባ ያለው ፊዚክስ

በከተሞቻችን አንድ ቤተሰብ ባለ አራት ምድጃ የኤሌክትሪክ ኦቨን ገዝቶ ወደ ቤቱ ባስገባ ዕለት የሚሆነው ነገር በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ዕቃውን ያመጡት ሰዎች ካርቶኑን ቀደው ኦቨኑን ከማእድ ቤቱ ጥግ ያቆሙትና ይሄዳሉ። ከዚያም ስለ ኤሌክትሪክ ያውቃል የሚባል የሰፈር ወጣት ይጠራል። ወጣቱ በቴስተር ፌዙን ይፈልጋል፣ ሽቦውን በቢላ ይልጣል፣ ጠምዝዞ ያገናኛል፣ በናስትሮ ይጠቀልላል። ማብሪያው ሲዞር ምድጃው ይግላል፤ ቤተሰቡም «ሠራ!» ይላል። ገንዘብ አውጥቶ ባለሙያ መጥራት ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በትክክል የተገጠመውም ሆነ ያላግባብ የተገጠመው ኦቨን በመጀመሪያው ቀን ያለ ልዩነት ይሠራሉ።

ልዩነቱ ያለው ዓይን በማያየው ቦታ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለባለሙያው የምንከፍለው ገንዘብ በእርግጥ ምን እንደሚገዛልን ከፊዚክስ አንጻር ለማየት እንሞክራለን። ጉዳዩ በእኛም ቤት የደረሰ ስለሆነ ከሩቅ ሆነን የምንመክር አይደለንም።

ከኦቨኑ ጀርባ የተለጠፈችው ሰሌዳ

ከማንኛውም ኦቨን ጀርባ ወይም ከበሩ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ትገኛለች። በላይዋ ከተጻፉት ቁጥሮች መካከል ለእኛ ዋነኛው በዋት የተገለጸው የኃይል መጠን ነው። ለምሳሌ አራቱ ምድጃዎችና ኦቨኑ በአንድነት ሲሠሩ 7,500 ዋት የሚወስዱ ናቸው እንበል። ይህን በ220 ቮልት ስናካፍል 34 አምፔር ያህል እናገኛለን። አንድ ባለ 10 ዋት የዘመኑ አምፖል ከ0.05 አምፔር ያነሰ ጅረት ይወስዳል፤ ስለዚህ ኦቨኑን በሙሉ ኃይሉ መክፈት 750 አምፖሎችን በአንድ ጊዜ ከማብራት ጋር እኩል ነው። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው የተለመደው ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መከራከሪያ «ይህ መስመር የእንጀራ ምጣዱን ስንት ዓመት ተሸክሞ የለ?» የሚል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,700 ዋት ያህል ቢወስድ ጅረቱ 17 አምፔር ገደማ፣ ማለትም የኦቨኑ ግማሽ ነው። ታዲያ ኦቨኑ በሽቦው ላይ የሚጥለው ሸክም እጥፍ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1841 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከሽቦው ሙግደት (ለጅረቱ ከሚያሳየው ተቃውሞ) እና ከጅረቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። ማእድ ቤቱ ከብሬከር ሳጥኑ 15 ሜትር ቢርቅ፣ ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ የመዳብ ሽቦው ርዝመት 30 ሜትር ነው። ሽቦው ለሶኬት የተለመደው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ሙግደቱ 0.2 ኦም አካባቢ ነው። ምጣዱ ሲሠራ በግድግዳው ውስጥ ወደ 60 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፤ ኦቨኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ግን ወደ 240 ዋት። በሽቦው ላይ የተለበጠው የተለመደው ፕላስቲክ እንዲሸከም የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ሲሞቅ ወዲያው አይነድም፤ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀንም ሁለቱን ሽቦዎች መለየት ያቅተዋል። ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢዘረጋ የሚባክነው ሙቀት ከ100 ዋት አይበልጥም፤ ያውም በወፍራሙ ሽቦ ላይ ተሰራጭቶ። እንደ መስመሩ ርዝመትና ሽቦው እንደሚያልፍበት ቦታ ባለ 10 የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ይህን መወሰን የባለሙያው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ሰሌዳዋን ለማንበብ ከኦቨኑ ጀርባ ያላጎነበሰ ሰው ሥራውን እንደማያውቀው ከወዲሁ መጠርጠር ይቻላል።

ስለ ብሬከርም አንድ ነገር እንበል። ብሬከር የተቀመጠው ኦቨኑን ለመጠበቅ ሳይሆን ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። «ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረን» ብለን ባለ 20ውን አውጥተን ባለ 40 ስናስገባ፣ ሽቦው ሳይለወጥ ዘበኛውን አባረርን ማለት ነው።

ብሬከር የማያየው እሳት

የሽቦው ውፍረት ትክክል ቢሆን እንኳ መገጣጠሚያዎቹ ይቀራሉ። ሁለት ሽቦዎች በእጅ ተጠምዝዘው ሲገናኙ የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። መገጣጠሚያው ላይ የ0.1 ኦም ሙግደት ቢኖር 34 አምፔር ሲያልፍበት ከ115 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። ይህ ሁሉ የሚከማቸው የአውራ ጣት ጫፍ በምታክል ቦታ ነው። የሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ብረት እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ60 ዋት አይበልጥም።

ችግሩ ራሱን እያሳደገ ይሄዳል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በየቀኑ ወጥ በተሠራ ቁጥር መገጣጠሚያው ትንሽ ይላላል። የላላው ቦታ አየር ያገኛል፣ ዝገት ይይዛል፣ ሙግደቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይበረታል። መዳብ ከአሉሚኒየም ጋር የተጋጠመ ከሆነ ደግሞ አሉሚኒየሙ በሙቀት ከመዳቡ የበለጠ ስለሚለጠጥ ነገሩ ይፈጥናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ማየት የሚችለው የጅረት መብዛትን ብቻ ነውና። መጥፎ መገጣጠሚያ ደግሞ ጅረቱን በጥቂቱ ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ አይጨምረውም። በእኛ ቤት ጉዳዩ የታወቀው በሽታ ነው። ሶኬቱን ስንፈታው ጀርባው እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ባለሙያ ሽቦውን በተርሚናል ውስጥ በብሎን አጥብቆ ሲያስር፣ ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላም ተመልሶ ሲያጠብቅ፣ አላስፈላጊ ጥንቃቄ ሊመስለን ይችላል፤ ሆኖም የከፈልነው በዋናነት ለዚህ ነው።

ሦስት ፌዝ በገባበት ቤት ሌላ ወጥመድ አለ። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ኦቨኖች በአንድ ፌዝም በሦስት ፌዝም እንዲሠሩ ተደርገው ስለሚመረቱ፣ በጀርባቸው ባለው ተርሚናል ላይ እንደ ሁኔታው የሚቀመጡ ትናንሽ የመዳብ ማገናኛዎች አሏቸው። በሁለት ፌዞች መካከል ያለው 380 ቮልት ለ220 በተሠራ ማሞቂያ ላይ በስሕተት ቢጫን ኃይሉ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ኒውትራሉ ቢላላ ደግሞ የአንዱ ምድጃ ቮልቴጅ በሌላው ላይ የተመሠረተ ይሆናል። በሁለት የተለያዩ ፌዞች ላይ ያሉ ባለ 1,000 እና ባለ 2,000 ዋት ምድጃዎች ብቻ ቢበሩ፣ ትንሹ 253፣ ትልቁ 127 ቮልት ይደርሰዋል። «አንዱ ምድጃ አልግል አለ፣ ሌላው ተቃጠለ» የሚባለው አቤቱታ ሁልጊዜ የኦቨኑ ጥፋት አይደለም።

«ትንሽ ይነዝራል»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በብዙ ቤቶች እንጀራ የምትጋግር ሴት ከምጣዱ ፊት ሳንቃ አንጥፋ ትቆማለች፤ ወይም የላስቲክ ጫማ ሳታደርግ ምጣዱን አትነካም። ለምን ሲባል «ትንሽ ይነዝራል» ነው መልሱ። በእኛም ቤት ለዓመታት እንዲሁ ነበር። ከተማሪዎቻችን ፊት ስለ ኦም ሕግ እያስተማርን፣ እቤት ስንገባ የምንጋግርልንን እህት «ጫማሽን አድርጊ» እንላት ነበር። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

የሚነዝርበት ምክንያት ግልጽ ነው። የምጣዱ ማሞቂያ ሽቦ ከሸክላው ሥር በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ተዘርግቶ በጄሶ የተደፈነ ነው። ሸክላም ጄሶም እርጥበት ይጠጣሉ፤ የሊጥ ውኃ ሲገባባቸው ጥቂት ጅረት ያሳልፋሉ። ምጣዱ ግሎ እርጥበቱ ሲተን ንዝረቱ ይጠፋል፤ በዚህም የተነሣ «ሲሞቅ ይተዋል» ተብሎ ይታለፋል። ኦቨንም ከዚህ የራቀ አይደለም። ማሞቂያው በብረት ቱቦ ውስጥ ሆኖ በማግኒዥየም ኦክሳይድ ዱቄት የተከበበ ሲሆን፣ ዱቄቱ መጋዘን ውስጥ ብዙ ሲቆይ እርጥበት ይስባል።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ሰው የጨበጠውን ሽቦ መልቀቅ የሚሳነው በአማካይ ለወንዶች በ16፣ ለሴቶች በ10.5 ሚሊአምፔር አካባቢ መሆኑን ደርሰውበታል። የሚነዝረን አንድ ወይም ሁለት ሚሊአምፔር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያን ያህል ያሳነሰው እርጥቡ ሸክላ ነው። ማሞቂያ ሽቦው ተበጥሶ የብረት አካሉን ቢነካ በመካከል የሚቀረው የሰውየው ሰውነት ብቻ ነው። እጁ በሊጥ የረጠበና በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ሰው ሙግደት 2,000 ኦም ቢሆን፣ 110 ሚሊአምፔር ያልፍበታል። ይህ የልብን ምት ለማዛባት ከበቂ በላይ ነው።

«ግራውንድ አለው እኮ» የሚለው ማጽናኛም መመርመር አለበት። ብዙ ቤት የመሬት ሽቦው የሚያልቀው ግቢ ውስጥ በተቀበረ አንድ የብረት ዘንግ ላይ ነው። በዘንጉና በአፈሩ መካከል ያለው ሙግደት 20 ኦም፣ በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ያለው 2 ኦም ነው እንበል። ፌዙ የኦቨኑን አካል ሲነካ የሚፈሰው ጅረት 220 ለ22 ተካፍሎ 10 አምፔር ነው። ባለ 40 ብሬከር ለ10 አምፔር አይወድቅም። የኦቨኑ አካልም 200 ቮልት እንደ ተሸከመ ይቆያል፤ በዚያ ላይ ወደ 2,000 ዋት የሚሆን ኃይል የግቢውን አፈር ሲያሞቅ ቆጣሪው ይቆጥርብናል። ዘንጉ ባለበት ቦታ ከሰልና ጨው መጨመር፣ ውኃ ማጠጣት፣ ሁለተኛ ዘንግ መቅበር ሙግደቱን ይቀንሳል፤ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ግን ተመልሶ ይወጣል። የመሬት ሽቦውን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር የድሮ ልማድ ነው፤ ቧንቧው ከመሬት በታች በፕላስቲክ ከተተካ ወዲህ የትም አያደርስም።

መፍትሔውን ያገኘው ይኸው የዳልዚል ምርምር ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. የሠሩት መሣሪያ በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ጅረት ያነጻጽራል፤ ልዩነት ካለ ጅረቱ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል እየሄደ ነውና መስመሩን በቅጽበት ይቆርጣል። ዛሬ በቤቶች የሚገጠመው ዓይነት በብዛት ለ30 ሚሊአምፔር የተስተካከለ ነው። ከመልካም የመሬት ሽቦ ጋር ሲሆን፣ ከላይ ያየነው 10 አምፔር ለእርሱ ከበቂ በላይ ምልክት ነው።

ባለሙያው በመጣ ጊዜ

ሶኬቱ ከተቃጠለ በኋላ የጠራነው ባለሙያ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጣ፣ የብቃት ማረጋገጫ ወረቀቱን ሳንጠይቀው ያሳየን ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ኦቨኑን ጨርሶ አልነካውም። የመሬት ሽቦውን ሙግደት ለካ፤ 46 ኦም ሆኖ ተገኘ። በሜገር 500 ቮልት ሰጥቶ የምጣዱንና የኦቨኑን ኢንሱሌሽን ፈተሸ። ከዚያም «ምጣዱና ኦቨኑ አብረው ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቀን። በበዓል ዋዜማ አዎን። ሁለቱ በድምሩ 51 አምፔር ስለሚሆኑ የመግቢያውን መስመርና ቆጣሪውን ሳያይ እንደማይቀጥል ነገረን። እኛ በበኩላችን ይህን ስሌት ለመሥራት ዶክትሬት የማያስፈልግ መሆኑን እያወቅን ሳንሠራው መቅረታችን አስገረመን።

ለኦቨኑ ከሳጥኑ ቀጥታ የመጣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ተደረገለት፤ ምጣዱም እንዲሁ። ሁለተኛ ዘንግ ተቀበረ። የልዩነት መቁረጫው በተገጠመ በማግስቱ ምጣዱ ገና ሲሰካ መስመሩ ተቆረጠ። ደውለን ስንነግረው «እሱ ሥራውን ሠራ፤ ምጣዱን ለውጡ» አለን። ከጠቅላላው ወጪ የሚበልጠው የሽቦውና የዕቃው ዋጋ እንጂ የእጁ ዋጋ አልነበረም። ሲሄድ የትኛው ብሬከር የትኛውን መስመር እንደሚጠብቅ፣ የሽቦዎቹን ውፍረትና የመሬቱን ልኬት ከነቀኑ በወረቀት ጽፎ በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ለጠፈልን። የመሬቱ ልኬት በመጪው የካቲት፣ አፈሩ ሲደርቅ፣ እንደገና እንዲታይ ቀጠሮ ይዘናል።