ከኋላ የምትጮህ ራቭ ፎር፦ ኩሽኔታ ቀይራችሁ ብቻ እንዳትዘጉት

ዛሬ ፖለቲካውን አሳርፈን ስለ መኪና እናውራ። ባለፈው ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ስለ ራቭ ፎር ጣል ያደረግኳት ነገር ብዙ ጥያቄ አምጥታለች፤ "በጽሑፍ ዘርዝረው" ብላችኋል፣ ይኸው።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ግሪን ቫሊ ነው። አንድ ጎረቤቴ የ2008 ራቭ ፎር አለው፤ ሦስት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው በሷ ነው። "ከኋላ እንደ አውሮፕላን ትጮሃለች፣ ጎማ ይሆን እንዴ?" አለኝ። አብሬው 215 ፍሪዌይ ላይ ወጣሁ። በ40 ማይል ጉምጉም ትል ነበር፣ 65 ስንገባ መደማመጥ አቃተን። መሪውን ወደ ግራ ዘንበል ሲያደርግ ጩኸቱ ይብሳል፣ ወደ ቀኝ ሲመልስ ይለዝባል። የጎማ ድምፅ እንዲህ አይለዋወጥም። የቀኝ የኋላ ኩሽኔታ ነው አልኩት።

ቅዳሜ ፀሐይ ሳትበረታ በክሪክ አነሳናት። (ስታንድ ሳታስገቡ ከሥር እንዳትገቡ፤ ክሪክ አይታመንም።) ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ይንኳኳል። እያሽከረከርኩ ሞላው ላይ እጄን ሳስቀምጥ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። በዚች መኪና ኩሽኔታው ከሞዞው ጋር አንድ ሆኖ ነው የሚሸጠው፤ በፕሬስ ማውጣት ምናምን የለም፣ ከጀርባው አራት ብሎን ነው። ያስቸገረን ዝገቱ ነው። መኪናዋ ቬጋስ ያደገች አይደለችም፣ በረዶና ጨው ካለበት ስቴት በጨረታ የመጣች ነች። ዘይት እየረጨን ግማሽ ቀን ታገልናት።

እሱን ስንታገል ነው ዋናውን ነገር ያየሁት። የኋላውን ጎማ አቅጣጫ የሚይዝ ቀጭን ክንድ አለ፤ አላይመንት ሲሠራ የሚረዝመውና የሚያጥረው እሱ ነው። ከተስተካከለ በኋላ እንዳይንቀሳቀስ የሚያቆልፈው ዳዶ በጣቴ ዞረ። ጥርሱ ተበልቷል። ክንዱ ቢለያይ ኖሮ የኋላው ጎማ በራሱ ፈቃድ ይታጠፍ ነበር፣ ፍሪዌይ ላይ፣ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ2006 እስከ 2011 ሞዴል ያሉ ራቭ ፎሮችንና የ2010 ሌክሰስ ኤችኤስ 250ኤች ጠርቷል፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ750 ሺህ በላይ መኪና ነው። ምክንያቱ ይኸው ዳዶ ነው፦ ከአላይመንት በኋላ በደንብ ካልጠበቀ ክንዱ ይላላል፣ ጥርሱ ይዝጋል፣ መጨረሻ ላይ ይለያያል። በ2013 እንደገና ጠራቸው፣ የመጀመሪያው ጥገና በአንዳንዶቹ ላይ አልያዘማ! ራቭ ፎር የላችሁም ብላችሁም አትዘናጉ። ፎርድ በ2021 ከ2013 እስከ 2017 ያሉ ኤክስፕሎረሮችን የጠራው በዚሁ ቦታ ያለ ክንድ ስለሚሰበር ነው።

ጎረቤቴ ከሁለት ወር በፊት አላይመንት አሠርቷል። ቤቱን ስም አልጠራም፤ ወረቀቱ ላይ ግን "ተስተካክሏል" ይላል። ቪኑን፣ ያቺን 17 ፊደልና ቁጥር፣ የመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ አስገባን። ሪኮሉ አልተዘጋም። መኪናዋ በጎታች ተጭና ወደ ዲለር ሄደች፣ ክንዱ በነፃ ተቀየረ። ሞዞውን ብቻ እኛ ከኪሳችን ገዛን።

እኔ አሁን አላይመንት ሳሠራ ከሥር ገብቼ ዳዶዎቹን ካላየሁ አልከፍልም። ሠራተኛው ፊቱን ቢያጠቁርም ያጥቁር። ሌላው የጎሚኒ ነገር ነው፦ የክንዶቹ ብሎን መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው መሬት ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ በቬጋስ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይቀደዳል።

ለቤተሰብ መኪና ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት የምትልኩ ካላችሁ፣ ኮንቴይነር ሳይገባ ቪኑን እዩት። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የኔቫዳው ዲለር አይደርስላችሁም።