የራስ ሄድፎንና የጆሮ ውስጥ ኢርፎን የድምፅ ጥራታቸው ሲመዛዘን

ከውጭ አገር ተገዝተው ወደ ሱቆቻችን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መካከል የሙዚቃ ማዳመጫ በመጠኑ ከብዙዎቹ የሚያንስ፣ በሚያስነሣው ክርክር ግን ከብዙዎቹ የሚበልጥ ሸቀጥ ነው። ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ምስሉን በሱቁ ውስጥ አይቶ ይወስዳል፤ ማዳመጫ የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በካርቶኑ ላይ የታተመውንና ባለሱቁ የነገረውን አምኖ ይሄዳል። ከጥቂት ቀን በኋላም «ድምፁ የተባለውን ያህል አይደለም» ብሎ ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። ይህ ቅሬታ ሁልጊዜ ከዕቃው ጉድለት የሚመጣ አይደለም፤ ለአንዱ ጉዳይ የተሠራው ዕቃ ለሌላ ጉዳይ ሲሸጥም ይመጣል። በራስ ላይ ተደርጎ ጆሮን የሚሸፍነው ሄድፎንና በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ኢርፎን፣ ባለሙያዎች ኢን ኢር ሞኒተር የሚሉት፣ በድምፅ ጥራት በምን በምን እንደሚለያዩ ከዚህ በታች ይብራራል። የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄድፎን በመጀመሪያ የተሠራው ለሙዚቃ አልነበረም። በቴሌፎንና በራዲዮ ሥራ ላይ ለነበሩ ሠራተኞች ነበር። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በዩታ ግዛት፣ በገዛ ቤቱ ማድ ቤት ውስጥ የሠራውን የራስ ማዳመጫ በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ማቅረቡ ይታወቃል። ዕቃው የሙዚቃ ወዳጆች ሸቀጥ የሆነው ጆን ኮስ በሚልዎኪ ከተማ በ1958 ለስቴሪዮ ሙዚቃ የሚሆን ሄድፎን ካወጣ ወዲህ ነው። በ1960 የጃፓኑ ስታክስ በኤሌክትሮስታቲክ ኃይል የሚሠራውን ለገበያ አቀረበ፤ በ1968 ደግሞ የጀርመኑ ሴንሃይዘር ኤች ዲ 414 የተባለውን ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን አወጣ። የጀርባው መከፈት ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ድምፁ በሽፋኑ ውስጥ እየተጋጨ ወደ ጆሮ እንዳይመለስ ስላደረገ፣ ከዚያ ወዲህ ለጸጥተኛ ክፍል የሚሠሩት ምርጥ ሄድፎኖች አብዛኞቹ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ይኸው ኩባንያ በ1997 ያወጣው ኤች ዲ 600 ዛሬም ድረስ ሌሎች የሚመዘኑበት ዕቃ ሆኖ ይገኛል።

የኢርፎን ዘር ግን ሌላ ነው። አባቱ ጆሮ ለደከመው ሰው የሚሰጠው የመስሚያ መርጃ ነው። በአሜሪካ በ1983 የተቋቋመው ኤቲሞቲክ ሪሰርች የተባለ ኩባንያ ከዚሁ ሙያ ተነሥቶ በ1991 ኢ አር 4 የተባለውን፣ በጆሮ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገባውን ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። በ1995 ደግሞ ጄሪ ሃርቪ የተባለ የድምፅ መሐንዲስ ለቫን ሄለን የሙዚቃ ጓድ ከበሮ መቺ ለአሌክስ ቫን ሄለን የጆሮ ሞኒተር ሠራ፤ በመድረክ ላይ ያለው ጩኸት ከበሮ መቺው የሚፈልገውን ድምፅ ያጠፋበት ስለ ነበረ ነው። ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ የሴንሃይዘር የሙዚቃ ማዳመጫ ክፍል በ2022 የተላለፈው ሶኖቫ ለተባለ የስዊስ የመስሚያ መርጃ አምራች ነው። ሁለቱ ሙያዎች ከመቼውም ይልቅ ተቀራርበዋል ማለት ነው።

ወደ ድምፁ ጉዳይ እንመለስ። የሰው ጆሮ ድምፅን እንዲሁ የሚቀበል ቀዳዳ አይደለም። በውጭ ያለው የጆሮ ቅጠልና ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚሆነው የጆሮ ቦይ ድምፁ ወደ ውስጥ ሲያልፍ መልኩን ይለውጡታል፤ በተለይ በ3 ሺህ ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ፣ ማለት የሰው ንግግር ጥራት ያለበትን ክፍል፣ ጎላ ያደርጉታል። እያንዳንዱም ሰው የገዛ ጆሮውን ለውጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ለመደው ለእርሱ ትክክለኛው ድምፅ ይህ ነው። ሄድፎን በጆሮ ቅጠል ላይ ሆኖ ድምፁን ከውጭ ስለሚልከው የጆሮውን ቅርጽ ይጠቀምበታል። ኢርፎን ግን ቅጠሉን አልፎ ቦዩን ይዘጋና ድምፁን ከውስጥ ይለቅቃል። ስለዚህ የኢርፎን ሠሪው በ3 ሺህ ሄርዝ አካባቢ የጎደለውን በመሣሪያው ውስጥ መመለስ አለበት፤ የሚመልሰው ግን በአማካይ ሰው ጆሮ ልክ እንጂ በገዢው ጆሮ ልክ አይደለም። ቦዩ በመዘጋቱም በ7 ወይም በ8 ሺህ ሄርዝ አካባቢ አዲስ ጉላት ይፈጠራል፤ ዘፋኙ «ሰ» እና «ጸ» ባለ ቁጥር የሚያፏጭ የሚመስለው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ኢርፎኑ ጠለቅ ብሎ ሲገባ ይህ ጉላት ወደ ላይ ይሸሻል። አንዱ ገዢ ያመሰገነውን ኢርፎን ሌላው «ጆሮዬን ወጋኝ» ቢለው ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል።

በወፍራሙ ድምፅ በኩል ነገሩ ይገለበጣል። ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ከከበሮና ከቤዝ ጊታር የመጨረሻውን ዝቅተኛ ድምፅ ወደ ውጭ እያፈሰሰ ያሳንሰዋል። ኢርፎን የሚያንቀሳቅሰው አየር ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ስለ ሆነ፣ በትንሽ ጉልበት እስከ 20 ሄርዝ ድረስ ያለውን ወፍራም ድምፅ ሳያጎድል ሊያደርስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ጫፉ የጆሮውን ቀዳዳ ጥብቅ አድርጎ ሲዘጋ ብቻ ነው። ጥቂት ክፍተት ከቀረ ወፍራሙ ድምፅ ሁሉ ያልቃል፤ የሚቀረውም ቀጭን፣ እንደ ድሮ ቴሌፎን ያለ ድምፅ ነው። «ቤዝ የለውም» ተብሎ የሚመለስ ኢርፎን ሲቀርብለት ባለሱቁ ገንዘቡን ለመመለስ ከመቸኮሉ በፊት በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ትልቁንና ትንሹን የጎማ ጫፍ ቀይሮ ገዢውን ደግሞ እንዲያዳምጥ ቢያደርገው ይሻላል።

ሄድፎን የሚበልጥበት ሌላው ነገር ስፋት ነው። ሙዚቃ በስቱዲዮ የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ለፊት በተቀመጡ ስፒከሮች ነው። ክፍት የሆነ ጥሩ ሄድፎን ድምፁን በመጠኑም ቢሆን ከራስ ቅል ውጭ ያወጣዋል፤ ዘፋኙ በአንድ ስፍራ፣ ክራሩ በሌላ ስፍራ፣ በመካከላቸውም አየር ያለ ይመስላል። በኢርፎን ግን ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው ሙዚቃው በሁለቱ ጆሮዎች መካከል፣ በራስ ውስጥ ይቆማል። በጸጥተኛ ክፍል ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ብልጫው የሄድፎን መሆኑ አያከራክርም።

ታዲያ ጸጥተኛ ክፍል ያለው ማን ነው? ክፍት ሄድፎን ከውጭ የሚመጣውን ጩኸት ምንም አይከለክልም፤ በታክሲ፣ በመርካቶ መንገድ ወይም ጄኔሬተር በሚሠራበት ግቢ ጥራቱ ሁሉ በከንቱ ይቀራል። ጠልቆ የሚገባ ኢርፎን 35 ዴሲቤል የሚያህል ጩኸት ሊከላከል ይችላል። ስለዚህ በጩኸት መካከል ረቂቁን ነገር፣ የማሲንቆውን ጭራ ሲፋቅና የዘፋኙን ትንፋሽ፣ የሚያሰማው ርካሹ ኢርፎን እንጂ ውዱ ሄድፎን አይደለም። ነገሩ ከጤናም ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው፤ ድምፁ 90 ዴሲቤል ከደረሰ የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው። የውጭውን ጩኸት ለማሸነፍ ድምፁን የሚጨምር ሰው ይህን ልክ ሳያውቀው ያልፈዋል፤ የተጎዳ የጆሮ ነርቭ ደግሞ አይመለስም።

ከሁሉ ይልቅ ቅሬታ የሚያስነሣው የኃይል ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። ኤች ዲ 600 የ300 ኦም መከላከያ አለው። በእጅ ስልክ ላይ ቢሰካ ድምፁ ይሰማል፤ ነገር ግን ጉልበት ያጥረዋል፤ ለእርሱ የሚስማማ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። ይህን ያልነገረ ባለሱቅ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሄደውን ደንበኛ በሳምንቱ ተቆጥቶ ሲመለስ ያገኘዋል። አብዛኛው ኢርፎን ከ16 እስከ 32 ኦም ስለ ሆነ በስልክ ብቻ ይሠራል፤ ችግሩ ሌላ ነው፤ ብርቱ አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ ሽሽ የሚል ድምፅ ያሰማል። አፕል በ2016 በአይፎን 7 ላይ የጃኩን ቀዳዳ ካስቀረ ወዲህ ብዙ የስልክ ሠሪዎች ስለ ተከተሉት፣ ባለ ገመድ ማዳመጫ የሚሸጥ ሰው መለወጫ ገመዱንም አብሮ ቢይዝ ሽያጩ አይቋረጥበትም።

ዋጋው ስለ ጥራቱ ይመሰክራልን? ጄሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ በ2017 የ283 ማዳመጫዎችን የድምፅ ልክ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አስተያይቶ በሁለቱ መካከል ግንኙነት አለማግኘቱን አስታውቋል። ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ በሐርማን ኩባንያ ከ2012 ወዲህ ባደረጉት ምርመራ ደግሞ፣ ስሙንና ዋጋውን ሳያዩ ያዳመጡ ሰዎች አብዛኞቹ የመረጡት በጥሩ ክፍል ውስጥ ካለ ጥሩ ስፒከር ጋር የሚመሳሰለውን ድምፅ ነው። ይህ ልክ በጽሑፍ ስለ ታወቀ የቻይና ፋብሪካዎች ተከትለውት በጥቂት አሥር ዶላሮች የሚሸጥ፣ የድምፁ ሚዛን ከውዶቹ የማያንስ ኢርፎን መሥራት ችለዋል። በዝቅተኛው ዋጋ ኢርፎኑ ሄድፎኑን ያሸንፈዋል ብሎ መናገር ድፍረት አይሆንም፤ ርካሽ ሄድፎን ብዙ ጊዜ ፕላስቲክና ቤዝ ብቻ ነውና። በካርቶኑ ላይ «ከ5 እስከ 40 ሺህ ሄርዝ» የሚል ጽሑፍ ገዢውን ሊያስደንቀው አይገባም፤ ሰው የሚሰማው ከ20 እስከ 20 ሺህ ያለውን ነው። በአንድ ኢርፎን ውስጥ ስንት ድምፅ አውጪ እንዳለ መቁጠርም ከዚህ የተሻለ ምስክር አይሆንም።

በሱቅ ውስጥ ለማስሞከር ከበገና ቅጂ የሚሻል አይገኝም። ክሮቹ ዝቅ ብለው ያስተጋባሉ፤ በእንዝራው ላይ ሲነዝሩ የሚሰማው ረቂቅ ድምፅ ደግሞ ከላይ ነው። የዝቅታው መጉደል የጫፉን አለመዝጋት ወይም የሄድፎኑን ማፍሰስ ያሳያል፤ ንዝረቱ እንደ ዝንብ ከጮኸ ቀጭኑ ድምፅ ከመጠን አልፏል። ለሁለቱ ማዳመጫዎች ድምፁን በአንድ ልክ ማድረግ ግን የግድ ነው፤ ጥቂት የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

ለአስመጪዎች ጥቂት ነገር ይጨመራል። ባለ ገመድ ሄድፎንና ኢርፎን በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ 8518.30 በሚለው ቁጥር ይገኛል፤ በብሉቱዝ የሚሠራው ግን በአሜሪካ 8517.62 በሚለው የመገናኛ መሣሪያዎች ቁጥር የተመደበበት ጊዜ ስላለ፣ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት አስተላላፊውን መጠየቅ ይገባል። ገመድ አልባው የሊቲየም ባትሪ ስላለውም የአየር ማጓጓዣው ልዩ ወረቀት ይጠይቃል። ጥሩ ሄድፎን መለዋወጫ አለው፤ የኤች ዲ 600 የጆሮ ስፖንጅ፣ ገመዱና ሌላውም ክፍል ለብቻው ይሸጣል፤ ስለዚህ ስፖንጁን አብሮ ያዘዘ ነጋዴ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ደንበኛ እንደገና ያገኘዋል። ኢርፎን ግን በአንድ ሰው ጆሮ ከገባ በኋላ ለሌላው ሊሸጥ ስለማይገባ ለማስሞከሪያ አንድ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ጫፉም ለእያንዳንዱ ገዢ ይለወጥ፣ የተነሣውም በአልኮል ይጠረግ።