የሁለት አቅጣጫ ፔጂንግ፦ ከሐኪሞች ፔጀር እስከ ልደታ ባቡር ጣቢያ

ሞባይል ስልክ ላይ ሲደወል ኔትወርኩ በቅድሚያ የሚሠራው ሥራ ተጠሪውን መፈለግ ነው። ተጠሪው በየትኛው የሬዲዮ ጣቢያ ክልል እንዳለ በዚያች ቅጽበት አይታወቅም፤ የሚታወቀው ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘገበበት ሰፋ ያለ ቀጣና ብቻ ነው። በመሆኑም በቀጣናው ያሉ ጣቢያዎች ሁሉ የስልኩን መለያ ይጣራሉ፤ ስልኩም መለያውን ሲሰማ በአቅራቢያው ላለው ጣቢያ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ይህ የመጣራትና የመመለስ ሥራ ፔጂንግ ይባላል። ስያሜው የመጣው ሞባይል ከመስፋፋቱ በፊት በቀበቶ ላይ ይንጠለጠል ከነበረው አነስተኛ የጥሪ መቀበያ፣ ከፔጀር ነው።

በአገራችን ፔጀር የብዙኃኑ መሣሪያ ሆኖ አያውቅም። አብዛኛው ሕዝብ ምንም ስልክ ካለመኖር በቀጥታ ወደ ሞባይል ተሸጋግሯል። በዚህ ምክንያት የዘርፉ ተማሪዎች የፔጀርን ታሪክ እንደ ሙዚየም ዕቃ የመመልከት ዝንባሌ አለን። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። ለፔጀር ሲባል የተፈጠሩት መፍትሔዎች ዛሬ በአዲስ አበባ ነዋሪ ኪስ ውስጥ እየሠሩ ይገኛሉ፤ የኔትወርክ መጨናነቅን በቅጡ ለመረዳትም ከእነርሱ መነሳት ይጠቅማል።

የማይመልሰው ፔጀር

አል ግሮስ የተባለው የፈጠራ ሰው የጥሪ መቀበያውን ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1949 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት በኒው ዮርክ ከተማ ያሉ ሐኪሞች በሥራ ላይ አዋሉት። ቤል የተሰኘው የስልክ ድርጅት «ቤልቦይ»ን እ.ኤ.አ. በ1962 በሲያትል ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ አሳየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሞቶሮላ «ፔጅቦይ» ተከተለ። ከዚያ በኋላ ያለውን የገበያ ታሪክ እንለፈውና የንድፍ ችግሩን እንመልከት።

የመጀመሪያው ችግር ባትሪ ነበር። ሁልጊዜ የሚያዳምጥ መቀበያ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያዳምጥ ደግሞ በተኛበት ሰዓት የመጣ ጥሪ ያመልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ የወጣው ፖክሳግ የተባለው ደረጃ ይህን እንቆቅልሽ በሚያስደንቅ ቀላልነት ፈታው። በፖክሳግ መልእክቶች በቡድን በቡድን ይላካሉ። በእያንዳንዱ ቡድን መጀመሪያ ላይ ሰዓት ማናበቢያ ቃል አለ፤ ከእርሱም በኋላ 8 ክፍሎች ይከተላሉ። የፔጀሩ አድራሻ 21 ቢት ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ 3 ቢቶች ባለቤቱ ከ8ቱ ክፍሎች በየትኛው እንደሚጠራ ይወስናሉ። ስለዚህ ፔጀሩ ማናበቢያውንና የራሱን ክፍል ብቻ አዳምጦ በቀረው ጊዜ ይተኛል። ከዚህ በላይ ደግሞ እነዚያ 3 ቢቶች በአየር ላይ መላክ አያስፈልጋቸውም፤ ጥሪው የመጣበት ክፍል ራሱ ይናገራቸዋልና። የሚላኩት ቀሪዎቹ 18 ቢቶች ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ከ2 ሚሊዮን በላይ ፔጀሮችን ለይቶ መጥራት ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር ግን በዚህ መንገድ አልተፈታም። ፔጀሩ አይመልስም። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም በፔጀር ተጠራ እንበል። ሐኪሙ ሳይመጣ 5 ደቂቃ ቢያልፍ ሁለት ግምት አለ፤ ጥሪው ደርሶት በመንገድ ላይ ነው፤ አለዚያም ምድር ቤት ውስጥ ሆኖ ጥሪውን አልሰማም። ጠሪው የሁለቱን ልዩነት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ኔትወርኩም ቢሆን ባለ ፔጀሩ የት እንዳለ ስለማያውቅ አንዱን መልእክት ሽፋን ባለበት አካባቢ ሁሉ ያሠራጫል። ለአንድ ሰው የታሰበ ጥሪ የመላውን ከተማ የአየር ጊዜ ይበላል ማለት ነው። የሆነ ሆኖ ይህ መሣሪያ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዝ መንግሥት የጤና አገልግሎት ወደ 130,000 የሚጠጉ ፔጀሮችን ይጠቀም ነበር። ጠንካራ ማሠራጫ ወፍራም ግድግዳ ያልፋል፤ የሞባይል ኔትወርክ በተጨናነቀበት ሰዓትም ይሠራል።

ደካማው መልስ

መልስ የሚሰጥ ፔጀር ለመሥራት መሣሪያው ላይ ማሠራጫ መግጠም የሚበቃ ይመስላል። ችግሩ የጉልበት አለመመጣጠን ነው። ለምሳሌ ያህል የጣቢያው ማሠራጫ 250 ዋት፣ የፔጀሩ ደግሞ 1 ዋት ይሁን። ልዩነቱ 24 ዲሲቤል ገደማ ነው። በከተማ ውስጥ የሞገድ ጉልበት ከርቀቱ 3.5ኛ ርቢ ጋር በተቃራኒው ይቀንሳል ብለን ብናሰላ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሳለ፣ የፔጀሩ መልስ የሚደርሰው የጣቢያው ጥሪ ከሚደርስበት ርቀት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በስፋት ሲታሰብ አንዱ ማሠራጫ የሚሸፍነውን አካባቢ መልስ ለመስማት ከ23 በላይ መቀበያዎች ያስፈልጋሉ። የመልሱን የመረጃ ፍጥነት ዝቅ ማድረግና የመቀበያውን ጥራት ማሻሻል ቁጥሩን ይቀንሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀረውም።

የሁለት አቅጣጫ ፔጂንግ ፈጠራዎች በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት በዚህ ላይ ነው። ስካይቴል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 አገልግሎቱን ሲጀምር የተጠቀመበት የሞቶሮላ ሪፍሌክስ ፕሮቶኮል፣ ለጥሪና ለመልስ የተለያዩ የሞገድ ክልሎችን መድቦ፣ ጥቂት ጠንካራ ማሠራጫዎችን ከበርካታ መቀበያዎች ጋር አጣመረ። መልስ መኖሩ ሌላም ጥቅም አስገኘ። ፔጀሩ ያለበት አካባቢ ስለታወቀ፣ መልእክቱን በሁሉም ቦታ ማሠራጨቱ ቀርቶ አጭር መፈለጊያ ጥሪ ብቻ በሰፊው ተልኮ ረጅሙ መልእክት ባለቤቱ ባለበት አካባቢ ብቻ መላክ ተቻለ። መፈለግና ማድረስ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ በእኔ ግምት ከፔጀር ዘመን ፈጠራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

የንግድ ክብደቱን ለመገመት አንድ ክርክር ይበቃል። ብላክቤሪን የሠራው የካናዳ ድርጅት ሥራውን ያስፋፋው በሁለት አቅጣጫ ፔጀር ነበር። ቶማስ ካምፓና የተባለው መሐንዲስ ኢሜይልን በገመድ አልባ መቀበያ ስለማድረስ የያዛቸው ፓተንቶች ተጣሱ በሚል በአሜሪካ ተከስሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን በ612.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ቋጨ። በነገራችን ላይ የአገራችን አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከፓተንት በተጨማሪ ለአነስተኛ ፈጠራዎች የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ በድኅረ ምረቃ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ብዙ የማሻሻያ ሥራዎች የሚመጥኑት ከዚህኛው ጋር ይመስለኛል።

በሞባይል ውስጥ ያለው ፔጀር

አዲስ አበባ የሞባይል አገልግሎት ያገኘችው በ1991 ዓ.ም. በጂኤስኤም ቴክኖሎጂ ነው። የጂኤስኤም ስልክ በማይደወልበት ጊዜ የሚያደርገው ነገር ከፖክሳግ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ዝምድናው ግልጽ ይሆናል። ስልኩ ይተኛል፤ ኔትወርኩ እንደወሰነው ከ0.47 እስከ 2.12 ሴኮንድ ባለ ልዩነት ነቅቶ ተራውን ያዳምጣል። ተራው የሚሰላው ከሲም ካርዱ ዓለም አቀፍ መለያ የመጨረሻ 3 አኃዞች ነው። በፖክሳግ 3 ቢቶች፣ በጂኤስኤም 3 አኃዞች፤ ሐሳቡ አንድ ነው። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክም ሥሌቱ ተሻሽሎ ቀጥሏል። በአምስተኛው ትውልድ ግን ሥሌቱ ከቋሚው መለያ ወደ ጊዜያዊ መለያ ዞሯል፤ ከቋሚ መለያ የሚሰላ የመንቂያ ሰዓት ባለቤቱን ለመከታተል ስለሚያጋልጥ ነው።

የመልሱም ነገር እንዲሁ ነው። የተጠራው ስልክ ቻናል ገና ስላልተመደበለት በጋራ መግቢያ ላይ በዘፈቀደ ሰዓት ድምፁን ያሰማል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ከተፈጠረው አሎሃ የተወሰደ ነው። ሁለት ስልኮች በአንድ ቅጽበት ከተናገሩ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ጠብቀው ደግመው ይሞክራሉ። በጊዜ የተከፋፈለው አሎሃ በንድፈ ሐሳብ ቢበዛ ከአቅሙ 36.8 በመቶ ብቻ ነው ፍሬያማ የሚሆነው። ከዚያ በላይ ሲጫን ሙከራው በበዛ ቁጥር የሚሳካው ያንሳል።

ድንበሩ ልደታ ላይ ቢያርፍ

ተጠሪ የሚፈለግበት ቀጣና ምን ያህል ይስፋ? ሰፊ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጥሪ ብዙ ጣቢያዎች ይጣራሉ፤ የጥሪ ቻናሉ ይሞላል። ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስልኩ ድንበር እየተሻገረ «አሁን እዚህ ነኝ» የሚል ምዝገባ ይልካል። የአንዱ ሸክም ሲቀንስ የሌላው ይጨምራል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ከልደታ እስከ መስቀል አደባባይ ሐዲድ ይጋራሉ። የሁለት አቅጣጫ መንገደኛ በአንድ ሐዲድ ላይ የሚያልፍበት ይህ ክፍል ጉዳዩን ለማስረዳት ይመቻል። የአንድ ቀጣና ድንበር ልደታ ጣቢያ አጠገብ ያርፋል ብለን እናስብ፤ የመንግሥት ሠራተኛው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት 250 የበሩ ስልኮችን የጫነ ባቡር ድንበሩን በ20 ሴኮንድ ውስጥ ይሻገር። በአማካይ በየሴኮንዱ 12.5 ምዝገባ ይጠየቃል ማለት ነው። እያንዳንዱ ምዝገባ የምልክት ልውውጥ ቻናልን ለ4 ሴኮንድ ቢይዝ፣ በአንድ ጊዜ 50 ቻናሎች ይያዛሉ። በጂኤስኤም አንድ የጊዜ ክፍልፋይ የሚሰጠው 8 እንዲህ ያሉ ቻናሎችን ነው፤ 50ውን ለማስተናገድ 7 ክፍልፋዮች ያስፈልጋሉ። አንድ የሬዲዮ ሞገድ ያለው በጠቅላላ 8 ክፍልፋይ መሆኑን ስናስታውስ፣ አንድ ባቡር ማንም ሳይደውል የአንድን ሞገድ አቅም ሊጨርስ ምንም አይቀረውም። ከሐዲዱ በታች በልደታ ኮንዶሚኒየም ያለ ሰው በዚያች ደቂቃ አምቡላንስ ለመጥራት ቢሞክር የሚወዳደረው ከእነዚህ ዝምተኛ ምዝገባዎች ጋር ነው። ስልኩ ላይ የምልክት ጥንካሬው ሙሉ ሆኖ ይታየዋል፤ ጥሪው ግን አይወጣም።

መፍትሔው ቀላሉ ድንበሩን ከሐዲዱ ማራቅ ነው። የአራተኛው ትውልድ ቴክኖሎጂ የተሻለ መንገድ አለው፤ ኔትወርኩ ለእያንዳንዱ ስልክ እስከ 16 ቀጣናዎች የያዘ ዝርዝር መስጠት ይችላል። ለተሳፋሪዎቹ የተለያየ ዝርዝር ሲሰጣቸው ሁሉም በአንድ ቦታ ድንበር አይሻገሩም፤ ምዝገባው በሐዲዱ ርዝመት ላይ ይበተናል።

ሚስኮልና 70 ፊደል

ከላይ የተገለጸውን ሥርዓት ሕዝቡ በራሱ መንገድ ወደ ፔጀርነት መልሶታል። ሚስኮል ማለት ይህ ነው። «ስደርስ ሚስኮል አደርግልሻለሁ» የሚል ሰው ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ትርጉሙ አስቀድሞ የተስማሙበት ጥሪ ይልካል፤ ተጠሪዋም በአንድ ሚስኮል ትመልሳለች። የሁለት አቅጣጫ ፔጂንግ ከነማረጋገጫው ተሟላ። ክፍያ የሚጀምረው ስልኩ ሲነሳ በመሆኑ ለተጠቃሚው ነጻ ነው፤ ለኔትወርኩ ግን አይደለም። በቀጣናው ሁሉ ይጣራል፤ የምልክት ልውውጥ ቻናል ይይዛል፤ እንደ አሠራሩም ስልኩ እየጮኸ ሳለ የድምፅ ቻናል ጭምር ሊይዝ ይችላል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ሲቆይ፣ የድምፅ ጥሪ ስለነበረ ሚስኮል አልተቋረጠም።

የጽሑፍ መልእክትም ቢሆን ይዘት የተጫነበት ፔጂንግ ነው፤ ስልኩ ይፈለጋል፣ ይመልሳል፣ በዚያው የምልክት ልውውጥ ቻናል ላይ 140 ባይት ይቀበላል። በ7 ቢት ለሚጻፍ የላቲን ፊደል ይህ 160 ሆሄ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በመልእክቱ ውስጥ እያንዳንዱ ሆሄ 16 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ 70 ብቻ ይገባል። ይህ ብዙ ጊዜ አማርኛ ላይ የደረሰ ከባድ ጉዳት ተደርጎ ይቀርባል። ስሌቱ ግን ማስተካከያ ይሻል። የእኛ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ይይዛል፤ «ልደታ» 3 ሆሄ ሲሆን በላቲን 6 ይፈጃል። በዚህ ምጣኔ 70 የግዕዝ ሆሄ 140 ያህል የላቲን ሆሄ ይተካል። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ቦታ ይቆጥባል የሚለው ልማድ የሚመስለውን ያህል አያተርፍም።

በልደታና በመስቀል አደባባይ መካከል ይህን ሁሉ በመለኪያ ማየት ይቻላል። የሚያስፈልገው የምዝገባ ጥያቄዎችን፣ የተሳኩና ያልተሳኩ ጥሪዎችን የሚቆጥረው የኔትወርክ መረጃ በየ15 ደቂቃው ተከፋፍሎ ከባቡሩ የጉዞ ሰዓት ጋር መመሳከሩ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት የቴሌኮም ድርጅቶች በከተማዋ ስለሚሠሩ፣ አንዱን ሐዲድ በሁለት የተለያዩ የቀጣና አከፋፈሎች ማነጻጸርም ይቻላል፤ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናት በቂ ሥራ ነው።